ምጣዱን ተዉት፣ ፍሪጁን አስሉ፦ መብራት ሲጠፋ የሚያገለግል የቤት ኃይል አመራረጥ

መርካቶ ገብቶ «ለቤት የሚሆን ኢንቨርተር ስንት ነው?» ብሎ የጠየቀ ሰው ብዙውን ጊዜ 5 ኬቪኤ (ኬቪኤ የጉልበቱ መለኪያ ነው) ተሸክሞ ይወጣል። ትልቅ ስለሆነ ልብ ይሞላል። ለባትሪ የተረፈው ብር ግን ትንሽ ስለሚሆን አራት ደካማ ባትሪ ይገጠምለትና፣ መብራት በጠፋ በሦስተኛው ሰዓት ጩኸት ያሰማና ይዘጋል። ኢንቨርተር፣ ማለትም የባትሪውን ኃይል ወደ ቤት መብራት የሚቀይረው ዕቃ፣ የሚወስነው በአንድ ጊዜ ስንት ዕቃ እንደሚነሳ ነው። ስንት ሰዓት እንደሚቆይ የሚወስነው ባትሪው ነው። ሁለቱን ለየብቻ አስሉ።

ከሁሉ በፊት ምጣዱን ከሒሳቡ አውጡት። የኤሌክትሪክ ምጣድ ከ3 እስከ 4 ኪሎዋት ይስባል፤ አንድ ሰዓት ተኩል ከተጋገረ ከ4 ኪሎዋት ሰዓት በላይ ይሄዳል። ቀጥሎ እንደምታዩት ይህ የቀረው ቤት በሙሉ በ8 ሰዓት ከሚፈልገው ከሁለት እጥፍ ይበልጣል። ስቶቭ፣ ቦይለር፣ ካውያም እንዲሁ ናቸው፤ ሙቀት የሚያወጣ ዕቃ ባትሪ ላይ አይጫን። እንጀራው መብራት ባለ ቀን ይጋገር፣ ለወጡ ደግሞ አንድ ሲሊንደር ጋዝ ይቀመጥ።

አሁን የቀረውን እንቁጠር። ረጅሙ የመብራት መጥፋት 8 ሰዓት ነው እንበል። 9 ዋት የሆኑ 6 አምፖሎች ለ4 ሰዓት 216 ዋት ሰዓት፣ 10 ዋት ራውተር ለ8 ሰዓት 80፣ 80 ዋት ቴሌቪዥን ለ3 ሰዓት 240፣ 60 ዋት ላፕቶፕ ለ4 ሰዓት 240፣ ስልኮች በአንድ ላይ 60። ፍሪጁ ላይ የተጻፈውን ዋት በሰዓት አታባዙ። ኮምፕረሰሩ እየተነሳ እየቆመ ስለሚሠራ መካከለኛ ፍሪጅ በቀን 1.2 ኪሎዋት ሰዓት ገደማ ይበላል፤ ለ8 ሰዓት 400 ይሆናል። ድምሩ 1,236 ነው። ኢንቨርተሩ ሲለውጥ ከ10 እስከ 15 በመቶ ያባክናል። በዚያ ላይ ምንም ሳይሸከም በርቶ ሲቀመጥም የራሱ ፍጆታ አለው፦ ትንሹ 15 ዋት አካባቢ፣ 5 ኬቪኤው ግን 50 ዋት ሊደርስ ይችላል። 50 ዋት በ8 ሰዓት 400 ዋት ሰዓት ነው፤ ቤት ውስጥ ሁለተኛ ፍሪጅ እንደ መሰካት ማለት ነው። በትንሹ ኢንቨርተር ከሄድን 1,550 ዋት ሰዓት ይበቃናል።

ችግራችሁ ኢንተርኔት ብቻ ከሆነ ደግሞ ይህ ሁሉ አያስፈልግም። ለራውተር ተብሎ የሚሸጥ ባለ 12 ቮልት ትንሽ ዩፒኤስ (ባትሪ በውስጡ ያለው ሳጥን) አለ። 8,800 ሚሊ አምፔር ሰዓት ከተባለ በውስጡ ባትሪ ቮልት፣ በ3.7፣ ሲባዛ 32 ዋት ሰዓት ያህል ነው፤ ብክነቱ ሲቀነስ ለ10 ዋት ራውተር ሁለት ሰዓት ተኩል ይይዛል። ከዚያ በላይ ይቆያል የሚል ሻጭ የሚናገረው ስለ 5 ዋት ራውተር ነው።

ወደ ኢንቨርተሩ ስንመለስ፣ የቆጠርናቸው ዕቃዎች በአንድ ላይ ሲሠሩ 350 ዋት አይሞሉም። አስቸጋሪው የፍሪጁ አነሳስ ነው። 120 ዋት የሚበላ ኮምፕረሰር ሲነሳ ለአፍታ ከ600 እስከ 1,000 ዋት ይጠይቃል። ስለዚህ 24 ቮልት፣ 1.5 ኬቪኤ የሆነ ይበቃል። ኬቪኤው ዋት አይደለም፤ 1.5 ኬቪኤ ብዙ ጊዜ 1,200 ዋት ነው፣ ከጎኑ የተጻፈውን አንብቡ። የግድ ፒዩር ሳይን ዌቭ (እንደ መስመሩ መብራት ለስላሳ ሞገድ የሚሰጥ) ይሁን። ሞዲፋይድ የሚባለው አምፖል ያበራል፣ የፍሪጅ ሞተር ግን እያጉረመረመ ይግላል፣ ዕድሜውም ያጥራል። የውሃ ፓምፕ ካላችሁ ስሌቱ ይለወጣል፤ 750 ዋት ፓምፕ ሲነሳ ከ2,500 ዋት በላይ ሊጠይቅ ስለሚችል ያኔ 5 ኬቪኤው ትርጉም ይኖረዋል።

ባትሪው ላይ ጊዜ ውሰዱ፤ ብሩ የሚጠፋው እዚህ ነው። 12 ቮልት 200 አምፔር ሰዓት ጄል (የሊድ አሲድ ባትሪ ዓይነት) በወረቀት 2.4 ኪሎዋት ሰዓት ቢሆንም ዕድሜው እንዲረዝም ግማሹን ብቻ መጠቀም ይገባል፤ ስለዚህ 1.2 ነው። ለእኛ 1.55 ኪሎዋት ሰዓት ሁለት ባትሪ ያስፈልጋል። ሊቲየም አይረን ፎስፌት 25.6 ቮልት 100 አምፔር ሰዓት ደግሞ 2.56 ኪሎዋት ሰዓት ነው፤ 80 በመቶው፣ ማለትም 2 ያህሉ ያለስጋት ይወጣል። ከሐምሌ 2016 የምንዛሬ ለውጥ ወዲህ ዋጋ ስለማይረጋ እዚህ ብር አልጽፍም። ስታወዳድሩ ግን ዋጋውን በወረቀቱ ቁጥር ሳይሆን በትክክል በሚወጣው ኪሎዋት ሰዓት አካፍሉት።

እኔ ሊቲየሙን የምመርጥበት ዋና ምክንያት ሌላ ነው። ሊድ አሲድ የመጨረሻውን 20 በመቶ ለመሙላት ብዙ ሰዓት ይፈልጋል። መብራት አምስት ሰዓት መጥቶ እንደገና በሚሄድበት ሰፈር ባትሪው አንድም ቀን ሳይሞላ ይኖራል፤ ያልሞላ ሊድ አሲድ ሳህኖቹ ላይ ሰልፌት እየደደረበት በአንድ ዓመት ውስጥ አቅሙን ሊያጣ ይችላል። ሰዎች «ባትሪው ፎርጅድ ነበር» የሚሉት ብዙ ጊዜ ይህንኑ ነው። ሊቲየም በግማሽ ሞልቶ ቢከርም አይጎዳም፤ በ20 አምፔር፣ ማለትም በ500 ዋት ያህል ቻርጅ፣ ያወጣነው በሦስት ሰዓት ከምናምን ይመለሳል።

ፎርጅድም በእርግጥ አለ። 200 አምፔር ሰዓት ጄል ከ55 እስከ 65 ኪሎ ይመዝናል፤ 40 ኪሎ ከሆነ እርሳሱ ጎድሏል፣ ተዉት። ቮልቱን ሱቁ ውስጥ ለኩ፦ አዲስ ባትሪ 12.7 አካባቢ ያሳያል፣ ከ12.4 በታች ከሆነ መደርደሪያ ላይ ሲበላሽ የቆየ ነው። ሊቲየሙን የሚፈትነው ጭነት ብቻ ነው፤ ከላይ ያልነው ባትሪ ሙሉ ሆኖ በኢንቨርተር በኩል 500 ዋት ቢጫንበት አራት ሰዓት ተኩል ገደማ መቆየት አለበት። የመኪና ባትሪ አትግዙ፤ ሳህኑ ስስ ነው፣ የተሠራው ሞተር ለማስነሳት ነው። አሮጌና አዲስ ባትሪም አንድ ላይ አይታሰር፣ ደካማው ጠንካራውን ይዞት ይሞታል።

ኢንቨርተሩ ላይ የባትሪውን ዓይነት ሳይመርጡ የሚሄዱ ገጣሚዎች አሉ። ለዚህ ሊቲየም ቻርጁ 28.4 ቮልት፣ ፍሎቱ (ከሞላ በኋላ የሚይዝበት ቮልት) 27.2 አካባቢ ይሁን፤ ኢኳላይዜሽን የሚባለው፣ ለሊድ አሲድ የሚሆነው ከፍ ያለ ቻርጅ፣ ይጥፋ። ኢንቨርተሩ ላይ የመስመር ቮልቴጅ መጠን ምርጫም አለ፦ ዩፒኤስ የሚለው ምርጫ መስመሩ ከ170 ቮልት በታች ሲወርድ ወደ ባትሪ ይቀይራል። ማታ ማታ መስመሩ 165 የሚሆንበት ሰፈር፣ መብራት እያለ ባትሪው ያልቃል። አፕላያንስ ወደሚለው ስትቀይሩት እስከ 90 ይታገሳል፤ ነገር ግን ፍሪጁ ያንን ደካማ ቮልት ይጠጣልና ስታብላይዘር ይኑረው።

ጄኔሬተርስ? ፓምፕ ላለው ግቢ ወይም መብራት በቀናት ለሚጠፋበት ቦታ ይሁን። ከፍታ ግን ያደክመዋል፤ በየ1,000 ሜትሩ 10 በመቶ ያህል ጉልበት ስለሚያጣ ከ2,300 ሜትር በላይ በሆነችው አዲስ አበባ 3 ኬቪኤ የተባለው የሚሰጠው 2.3 ገደማ ነው። ጥቁር ጭስ ካወጣና ካንዴላው ከጠቆረ ካርቡራተሩ ለዝቅተኛ ቦታ የተስተካከለ ነው፣ አነስ ያለ ጄት (የቤንዚን ቀዳዳ) ይፈልጋል። ዘይቱ መጀመሪያ በ20 ሰዓት፣ ከዚያ በየ100 ሰዓቱ ይቀየር። ኮንዶሚኒየም በረንዳ ላይ ፈጽሞ አይነሳ፤ ጭሱ ውስጥ ያለው ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታ የለውም፣ ተኝቶ ያለን ሰው ይገድላል። ከመስኮት ቢያንስ 6 ሜትር ይራቅ።

ጣሪያ ካላችሁ ሶላር መጨመር ይቻላል። ለክረምት በቀን 3.5 ሰዓት ሙሉ ፀሐይ ብቻ ብትይዙና 25 በመቶ ብክነት ብትቀንሱ፣ 1,550 ዋት ሰዓት ለመመለስ 600 ዋት ያህል ፓነል ይበቃል። ወደ ደቡብ 15 ዲግሪ ቢያዘነብል ዝናቡ አቧራውን ያጥበዋል። ፓነሎቹን በተከታታይ ከማሰራችሁ በፊት የክፍት ቮልታቸውን (ምንም ሳይጫንባቸው የሚያሳዩትን) ደምሩ፤ ከቻርጅ መቆጣጠሪያው የቮልት ገደብ ካለፈ፣ ቮልቱ በሚጨምርበት ብርዳማ ማለዳ መቆጣጠሪያው ይቃጠላል።

ገጠማው ላይ ሁለት ነገር አትለፉ። ከባትሪው ወደ ኢንቨርተሩ የሚሄደው ገመድ 25 ካሬ ሚሊሜትር፣ ከ1.5 ሜትር ያልበለጠ ይሁን፤ የባትሪው ፖዘቲቭ አጠገብም 80 አምፔር የዲሲ ፊዩዝ ይግባ። የቤት ብሬከር በዲሲ ላይ ብልጭታውን ማጥፋት አይችልም፣ ይቀልጣል። ሁለተኛ፣ ፍሪጁ፣ ቴሌቪዥኑ፣ ራውተሩና አምፖሎቹ የራሳቸው ትንሽ የብሬከር ሳጥን ይኑራቸው፤ ፌዙ ብቻ ሳይሆን ኒውትራሉም ከዋናው ይለይ። ካልተለየ መብራት ሲመለስ ኢንቨርተሩ ሊቃጠል ይችላል። ሁለት ጫፉ ወንድ በሆነ ገመድ ሶኬት ላይ ሰክቶ ቤቱን መመገብ ደግሞ ኃይሉን ወደ መስመር ይመልሰዋል፤ ፖል ላይ የወጣ ሠራተኛ ሊሞት ይችላል።

ገጣሚው ከመሄዱ በፊት ዋናውን ብሬከር አጥፉ። ኢንቨርተሩ እየሠራ ሳለ የስቶቩንና የምጣዱን ሶኬት በቴስተር ንኩ፤ መብራት ካሳየ ሥራው አላለቀም፣ ክፍያውን ገና አትስጡ። ከወር በኋላ የባትሪውን ብሎኖች እንደገና አጥብቁ፤ የላላ ብሎን እየጋለ የገመዱን ጫፍ ያቀልጠዋል።