ጎማ በላዋ ሜዳ

ነሐሴ 25 ቀን 2014 ዓ.ም. ረቡዕ ነበር። በፈረንጆቹ ኦገስት 31 ቀን 2022። ከሰዓት ላይ ከጋራዥ ፈቃድ ወስጄ ወጣሁና ጋሼን ከቤታቸው አነሳኋቸው። ጋሼ እዚህ ሻርሎት ጎረቤቴ ናቸው። አገር ቤት ሳሉ የአሰብን መስመር በተሳቢ ሲመላለሱ የኖሩ ሹፌር ናቸው። መኪና ያለበት ቦታ ያለ እሳቸው መሄድ ደስ አይለኝም።

«ዛሬ ደግሞ ወዴት ነው?» አሉኝ ቀበቷቸውን እያሰሩ።

«ኖርዝ ዊልክስቦሮ። የመኪና ውድድር አለ። ዴል ኧርንሃርት ጁኒየር ይነዳል።»

«የሟቹ ልጅ?»

«አዎ ጋሼ፣ የሟቹ ልጅ።»

ኖርዝ ካሮላይና የኖረ ሰው ይህን ስም ሳይሰማ አይቀርም። (ከዚህ በኋላ የምጠራቸው ዓመታት በፈረንጆቹ ናቸው።) አባትየው ናስካር በሚባለው በአሜሪካ ትልቁ የመኪና ውድድር ሰባት ጊዜ ሻምፒዮን ሆኗል። በ2001 ዴይቶና 500 በሚባለው ትልቅ ውድድር ላይ በመጨረሻው ዙር ተጋጭቶ ሞተ። ልጁ እዚያው ውድድር ውስጥ ነበር፤ ሁለተኛ ሆኖ መስመሩን ካለፈ በኋላ ነው መርዶውን የሰማው። ጁኒየር ራሱ የዴይቶና 500ን ሁለት ጊዜ፣ በ2004 እና በ2014፣ አሸንፏል። 15 ዓመት ሙሉ በተከታታይ የሕዝብ ተወዳጅ ሹፌር ተብሎ ተመርጧል። በ2017 መጨረሻ ላይ የሙሉ ጊዜ ውድድሩን አቆመ።

እኔ ግን የምወድለት ሌላ ነገር አለ። ልጅ ሳለ አባቱ ኒውተን ከተማ በነበረው የመኪና መሸጫ ውስጥ ዘይት ቀያሪ ነበር። እኔም አሜሪካ ስመጣ የያዝኩት የመጀመሪያ ሥራ ዘይት መቀየር ነው። መኪና ሥር ተኝቶ ትኩስ ዘይት ክንዱ ላይ የፈሰሰበት ሰው መሪ ሲይዝ ሳየው ልቤ ወደ እሱ ያደላል።

ያን ቀን የሚወዳደረው በትልቁ ናስካር ላይ አልነበረም። ሌት ሞዴል በሚባለው የየአካባቢው ውድድር ላይ ነው። የሌት ሞዴል ሞተር ወደ 400 የፈረስ ጉልበት አለው። ቻሲው ከብረት ቱቦ የተበየደ ነው። በር የላትም፤ ሹፌሩ በመስኮት ነው የሚገባው። ብዙዎቹን የሚሠሯቸው ከሥራ መልስ ማታ ማታ ጋራዥ ውስጥ የሚያመሹ ሰዎች ናቸው። አባት ይበይዳል፣ ልጅ ይነዳል፣ እናት ምግቡን ይዛ ትመጣለች። ጎማው በደሞዝ ነው የሚገዛው። እንዲህ ባለ ቦታ ነው ዓለም የሚያውቀው ሹፌር ኮፍያውን አጥልቆ እሰለፋለሁ ያለው።

77 የሚባለውን አውራ ጎዳና ይዘን ወደ ሰሜን ነዳን። ሙርስቪልን አለፍን። ከተማዋ የውድድር ቡድኖች መናኸሪያ ናት፤ የጁኒየርም ጋራዥ እዚያው ነው። ስቴትስቪልን አልፈን በ73ኛው መውጫ ወደ 421 ታጠፍን። ከዚያ በኋላ አገሩ ይለወጣል። ኮረብታው ይበዛል፣ ጫካው ይጠጋል፣ ብሉ ሪጅ የሚባለው ተራራ ከሩቅ ሰማያዊ ሆኖ ይታያል። ጋሼ መስኮቱን ዝቅ አድርገው ዝም አሉ። ደጋ ሲያዩ እንዲህ ይሆናሉ።

መንገዱን ኖርዝ ዊልክስቦሮ ያለችበትን የዊልክስን አውራጃ ወሬ እያወራሁላቸው ሄድን። እዚህ ተራራ ውስጥ ያለው ሕዝብ ድሮ ከበቆሎ አረቄ እያወጣ ነበር የሚተዳደረው። መንግሥት ቀረጥ ጠየቀ፣ እነሱ አንከፍልም አሉ። አረቄውን ማታ ማታ መብራት አጥፍተው በመኪና ያሻግሩት ጀመር። መኪናው ከውጭ ተራ መኪና ይመስላል፤ ሞተሩ ግን የተነካካ ነው። ፖሊስ ሲያባርራቸው በጠመዝማዛው መንገድ ያመልጣሉ። ቅዳሜና እሁድ ደግሞ ማን ይበልጣል ተባብለው ሜዳ ላይ ይሽቀዳደማሉ። ስቶክ ካር የሚባለው ስፖርት ብዙውን ያደገው በእነዚህ ሰዎች እጅ ነው።

«ካቲካላ ነው በለኛ!» አሉ ጋሼ።

በትክክል። የዚህ አገር ጀግና ጁኒየር ጆንሰን ይባላል፤ የዚሁ የዊልክስ ልጅ ነው። በ1956 የአባቱ አረቄ ማውጫ ላይ ተይዞ ታስሯል። መንገድ ላይ ሲያባርሩት ማንም ይዞት አያውቅም። ከእስር ወጥቶ በናስካር ትልቁ ውድድር 50 ጊዜ አሸነፈ። በ1986 ፕሬዚዳንት ሬገን ምሕረት አደረጉለት። ጋሼ ይህን ሲሰሙ ለረጅም ጊዜ ራሳቸውን ነቀነቁ።

ሜዳዋ ጋ ልንደርስ ስንል የመኪናው ሰልፍ ያዘን። ሰዉ መስኮቱን ከፍቶ ሙዚቃ እየሰማ ቀስ ይላል። የሚያጉረመርም የለም። ይህች ሜዳ ለብዙ ዓመታት ሞታ የነበረች ናት።

በ1947 ነው የተከፈተችው። በ1949 የናስካር የመጀመሪያው ዓመት መዝጊያ ውድድር የተካሄደው እዚህ ነው። በ1996 ባለቤቶቹ ተለወጡ፤ የውድድር ቀኖቿ ወደ ቴክሳስና ወደ ኒው ሃምፕሺር ትልልቅ ሜዳዎች ተወሰዱ። በዚያው ዓመት ሴፕቴምበር ላይ ጄፍ ጎርደን የመጨረሻውን ውድድር አሸነፈና በሩ ተዘጋ። ከዚያ አስፋልቱ ውስጥ አረም በቀለ። በ2019 መጨረሻ ላይ ኧርንሃርት ጁኒየር ሰዎች ሰብስቦ መጣና አረሙን አስነቀለ። ያኔ ሜዳዋ ትከፈታለች ያለ ሰው አልነበረም። የፈለጉት በኮምፒውተር ጨዋታ ውስጥ እንኳ እንድትኖር ልኬቷን ማንሳት ብቻ ነበር። ጨዋታው ላይ ወጣች። ሕዝቡም ትዝታው ተቀሰቀሰ። ቆይቶ የስቴቱ መንግሥት ገንዘብ መደበላት፤ በ2022 ኦገስት የአካባቢው ውድድሮች ተመለሱባት።

ቦታችንን ይዘን ተቀመጥን። እኔ ለዓመታት በፎቶ ነበር የማውቃት። በዓይን ስትታይ ትንሽ ናት። ዙሪያዋ አንድ ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ፎቶ የማይነግረው ነገር ተዳፋቷን ነው፦ በእኛ በኩል መኪናው ቁልቁል ይወርዳል፣ በማዶው በኩል ሽቅብ ይወጣል። ግንቡ ላይ የድሮው የዊንስተን ሲጋራ ማስታወቂያ ደብዝዞ ይታያል። አስፋልቱ ያኔ ገና በ1981 የፈሰሰው ራሱ ነበር። ጋሼ ወደ ሽቦ አጥሩ ተጠግተው ቁልቁል አዩት። ሬንጁ አልቆ ጠጠሩ ብቻ ፈጦ ቀርቷል።

«ይሄ ጎማ ይበላል» አሉ። «ብርጭቆ ወረቀት ማለት ነው።»

ከዚያ ባንዲራ ያዡ ማማው ላይ ወጣ። አረንጓዴ ለመጀመር፣ ቢጫ አደጋ ሲኖር ቀስ ለማለት፣ ቀይ ለማቆም። ሦስቱን ጎን ለጎን ሳያቸው አንድ ነገር ደረቴን ነካኝ። ጋሼም አይተውታል፤ ምንም አላሉም።

መኪኖቹ ወጡ። ሕዝቡ ቁጥር 3ን ሲያይ ሁሉም ብድግ አለ። ቁጥሩ የአባትየው ነው። መኪናዋ ላይ ሰንድሮፕ የሚባለው የለስላሳ ማስታወቂያ አለ፤ ጁኒየር ጎረምሳ ሳለ በሌት ሞዴል ሲጀምር የነበረው ማለት ነው። አጠገቤ አንድ ትልቅ ሰውዬ ኮፍያውን አውልቆ ያለቅሳል። ጩኸቱ ካታንጋ የተቀመጥኩ አስመሰለኝ። ጋሼ ብቻ አልተነሱም። ጉልበታቸውን ያማቸዋል። «ተቀምጬም ይታየኛል» አሉ።

125 ዙር ነው ውድድሩ። አረንጓዴው ሲውለበለብ መሬቱ ተንቀጠቀጠ። የጆሮ መድፈኛ አድርገን እንኳ ድምፁ በደረታችን ነበር የሚገባው።

አጭር ሜዳ ላይ ሚስጥሩ ፍጥነት አይደለም። ያን ማታ ከጋሼ ጋር ሆኜ ነው በደንብ የገባኝ። እያንዳንዱ ሹፌር የሚያገኘው ጎማ የተቆጠረ ነው። መጀመሪያ ላይ ነዳጅ እየረገጠ ከመታጠፊያ የሚወጣ ሰው ደርቦ ደርቦ ወደ ፊት ይሄዳል፤ በኋላ ግን ጎማው ያልቅና መኪናው እንደ ሳሙና ይንሸራተታል። ጎማውን የቆጠበ ሰው ያን ጊዜ ይመጣል። ጋሼ ይህን ለማወቅ አሥር ዙር አልፈጀባቸውም።

«ያንን እየው፣ ኋላው ሲሸሽ። መሪውን አብዝቶ ነው የሚያዞረው። ጎማው ጥርሱን ጨርሷል። ያኛው ደግሞ እየው፤ ነዳጁን ቀድሞ ይለቅና መኪናዋን በራሷ እንድትዞር ይተዋታል። እኛም አፋር ላይ እንዲህ ነበርን። አስፋልቱ እሳት ነው፣ ጎሚስታ የሚባል ነገር በቅርብ የለም። እግርህን ካላወቅህበት መንገድ ላይ ትቀራለህ።»

እነዚያ ልጆች አብዛኞቹ ስማቸውን ከሠፈራቸው ውጭ የሚያውቀው የለም። አንዳንዱ ገና ጢም አላወጣም። ከጁኒየር ጋር ጎን ለጎን ሆነው መታጠፊያው ውስጥ ሲገቡ ግን አንዲት ጣት አይለቁለትም። በሩን ዘጉበት። መከላከያውን ነኩት። እሱም ነካቸው። ማንም ለስም ብሎ መንገድ አልሰጠውም፤ እሱም የጠበቀ አይመስለኝም። ይህን በማየቴ በጣም ደስ አለኝ። ትልቅ ሰው ትንሽ ሜዳ ላይ ሲወርድ ሊደርስለት የሚገባው ክብር ይህ ይመስለኛል፤ አለመራራት።

ለእሱ የሚያተርፈው ነገር የለም። ቢያሸንፍ «ድሮስ» ይባላል። ቢሸነፍ ልጅ በለጠው ይባላል። ግን ይመጣሉ። ቶኒ ስቱዋርት ኦሃዮ ያለውን ኤልዶራ የሚባል የአፈር ሜዳ ራሱ ገዝቶ ለዓመታት የናስካር ጓደኞቹን ለበጎ አድራጎት አፈር ላይ አወዳድሯል። ካይል ላርሰን በ2021 የናስካር ሻምፒዮን በሆነበት ዓመት አይዋ ሄዶ የኖክስቪልን ትልቅ የአፈር ውድድርም አሸንፏል። እኔ የኃይሌ ነገር ነው ትዝ የሚለኝ። በ2001 ታላቁ ሩጫ ሲጀመር፣ የዓለም ሪከርድ የሰበረ ሰው ከአሥር ሺህ ሕዝብ ጋር በአዲስ አበባ አስፋልት ሮጠ። ስኒከር ያጠለቀው ሁሉ ከኃይሌ ጋር ሮጫለሁ ይላል፤ እውነቱን ነው።

ወደ መጨረሻው ጁኒየር ከፊተኞቹ መካከል ነበር። ሰዉ ቆሞ ቀረ። ነገር ግን ከፊት ያለችው መኪና አልተነካችም። የሚነዳት ካርሰን ክቫፒል የሚባል የ19 ዓመት ልጅ ነው። ክቫፒል የሚነዳው ደግሞ ለጁኒየር ቡድን ነው። ቀጣሪው ሦስተኛ ወጣ፤ ተቀጣሪው አንደኛ።

ጁኒየር ከመኪናው ሲወጣ ከሩቅ አየሁት። ፊቱ ከኮፍያው በታች በላብና በአቧራ ጠቁሯል። 47 ዓመቱ ነው። እንደ ልጅ ይስቅ ነበር።

ስንወጣ ጋሼ አጥሩ ሥር ጎንበስ አሉና አንድ ነገር አነሱ። ከአስፋልቱ ተፈናጥራ የወጣች የጎማ ፍርፋሪ ናት፤ እንደ በግ በጠጥ የተድቦለቦለች። በጣታቸው ሲጫኗት ገና ትለሰልሳለች። ሲያሸቷት ደስ አላቸው። በመሐረብ ጠቅልለው ኪሳቸው ከተቷት። እስከ ሻርሎት መኪናዬ የተቃጠለ ጎማ ሲሸት መጣ።

ከዚያ በኋላ ሜዳዋ አልተዘጋችም። በሚቀጥለው ዓመት የናስካር ከዋክብት ውድድር ተመለሰባት፤ ላርሰን አሸነፈ።

ሌላ አንድ ጉዞ ጨምሬ ልንገራችሁ። ፌብሩዋሪ 2025፣ ቅዳሜ ማታ፣ ዊንስተን ሴለም። ቦውማን ግሬይ የሚባለው ስታዲየም የከተማው ነው። መሐሉ የአሜሪካን ፉትቦል ሜዳ፣ ዙሪያው 400 ሜትር አስፋልት። የአዲስ አበባ ስታዲየምን የመሮጫ መም አስቡት፤ በዚያ ላይ መኪና ይሽቀዳደማል። ከ1949 ጀምሮ በየበጋው ቅዳሜ ማታ እንዲህ ነው። በዚያ ሳምንት ግን ከ1971 ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ የናስካር ትልልቆቹ ሁሉ መጡ።

ከእነሱ መካከል ቲም ብራውን የሚባል ሰው ነበር። ሃምሳውን አልፏል። እስከዚያ ቀን በዚህች ሜዳ 12 ጊዜ ሻምፒዮን ሆኗል፤ ከ100 በላይ ውድድር አሸንፎባታል። በትልቁ ናስካር ግን ከዚያ በፊት አንድም ቀን ነድቶ አያውቅም ነበር። ሥራው ለአንድ የናስካር ቡድን መኪና መገጣጠም ነበር። ያን ማታ ቡድኑ መኪና ሰጠው፤ ራሱ የሠራት መኪና ናት።

ለዋናው ውድድር አላለፈም። ማጣሪያው ላይ ቀረ። ግን ለመጀመሪያ ጊዜ ሲወጣ፣ ገና ሞተሩ ሳይሞቅ፣ ስታዲየሙ በአንድ ድምፅ ጮኸ። ብርዱ አጥንት ይሰብራል። ጋሼ ሁለት ጃኬት ደርበው፣ ብርድ ልብስ ጉልበታቸው ላይ ጥለው ነበር። ለናስካር ከዋክብቱ፣ ለቼዝ ኤሊየትም ለላርሰንም፣ አልተነሱም ነበር።

ብርድ ልብሱን ወደ እኔ ገፋ አደረጉና ትከሻዬን ተደግፈው ተነሱ።

«የቤቱ ልጅ ነው» አሉ።