በሽታው ሳይገድል የሚወስደው ሀብት

በድሬዳዋና በሐረር ዙሪያ የከብት በሽታ ተነሣ ሲባል ቀድሞ የሚጠየቀው «ስንት ሞተ?» የሚለው ነው። ሪፖርቱም የሚጻፈው፣ ዜናውም የሚነገረው በዚሁ ቁጥር ነው። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ የምትታለብ ግመሉ የሞተችበት ቤተሰብ የዕለት ምግቡንም የዓመት ገቢውንም አንድ ላይ ያጣልና። እኔን ግን የግብርና ኢኮኖሚክስ ከተማርኩ ጀምሮ ይበልጥ የሚያሳስበኝ በሞት ቁጥር ውስጥ የማይገባው ኪሳራ ነው። ሳይሞቱ የከሱ፣ ወተታቸው የነጠፈ፣ ገበያ ያለፈባቸው እንስሳት አሉ፤ ከእነርሱም በላይ «ነገ በሽታ ቢገባስ?» በሚል ስጋት ብቻ የሚወሰኑ ውሳኔዎች አሉ። የእኔ እምነት በምሥራቁ የአገራችን ክፍል ትልቁ ወጪ ይህኛው እንደሆነ፣ የግጦሹና የውኃው መመናመንም ከዚሁ ተለይቶ ሊታይ እንደማይገባው ነው።

የሐረር ሰንጋን እንመልከት። በሐረርጌ ደጋማ ቦታዎች የእርሻ መሬት ጠባብ ስለሆነ ለድለባ የተያዘ በሬ ለግጦሽ አይሰማራም። ገበሬው ማሽላውን ሆን ብሎ ጥቅጥቅ አድርጎ ይዘራና እያሳሳ የሚነቅለውን ቡቃያ፣ ቀጥሎ ቅጠሉን፣ ከአጨዳ በኋላ ደግሞ አገዳውን እየቆራረጠ ደጅ ለታሰረው በሬ በእጁ ያጎርሰዋል። ብዙ ጊዜ ያው ሲያርስበት የከረመው በሬ ነው፤ እርሻው ሲያበቃ ይደልባል፣ ተሽጦም በከፊሉ ዋጋ ወጣት በሬ ይተካበታል። የወራት ድካም ሁሉ የሚጠብቀው አንድ የገበያ ቀን ነው፤ የአረፋን፣ የመስቀልን፣ የገናን ወይም የፋሲካን ዋዜማ።

ከሐረር ወጣ ብሎ በሶፊ በኩል የሚኖሩት አጎቴ እንዲህ ያደለቡት በሬ በዓሉ ሲቃረብ አፍተ ግር ያዘው። ሄጄ ሳየው ከአፉ የሚወርደው ለሃጭ እንደ ክር እየተጎተተ ደረቱን አርሶታል፤ ምላሱ ላይ ያበጠው ውኃ አዘል ቁስል ፈንድቶ ቆዳው ተገፏል። የማሽላ ቅጠል ወደ አፉ ሲያስጠጉለት ያሸተውና አንገቱን ያዞራል። የፊት እግሩን እያነሣ ያራግፈዋል፣ በሰኮናው መካከልም ቁስል ነበርና። አፍተ ግር ትልቅን ከብት እምብዛም አይገድልም፤ የልብ ጡንቻን እየጎዳ የሚገድለው ጥጆችን ነው። የአጎቴም በሬ ዳነ። ነገር ግን መብላት ባቆመባቸው ቀናት ጎኑ ገብቶ፣ አጥንቱ ወጥቶ፣ በዓሉ አለፈ። ባለቤታቸው ከማሳ እየተሸከሙ ያመጡት መኖ እንደገና ከመጀመሪያው መቅረብ ነበረበት፤ ውኃውም እንደዚያው። በሬው ሲገዛ የተወሰደው ብድር ግን መክፈያ ቀኑ አልተራዘመም። «በሬዬስ ተርፎልኛል፤ ገበያዬን ነው የቀበርኩት» አሉኝ። ይህ ሁሉ በየትኛውም መዝገብ አልሰፈረም፤ የሞተ ከብት የለማ።

የአገራችን ታሪክም ይህንኑ የበለጠ በከፋ መልኩ ያሳየናል። በ1880 ዓ.ም. ገደማ በምጽዋ በኩል ከገቡ ከብቶች ጋር የመጣው የደስታ በሽታ አብዛኛውን የአገሪቱን ከብት ፈጅቶ እስከ 1884 ዓ.ም. የዘለቀውን ክፉ ቀን አስከተለ። ድርቅም አንበጣም ተደርበውበታል። ይሁንና ሕዝቡን ለረሃብ ካጋለጡት ነገሮች ዋነኛው ሥጋና ወተት መጥፋቱ ብቻ ሳይሆን የሚያርስ በሬ መጥፋቱ ነበር። መሬቱ በቦታው እያለ ጦም አደረ። እንስሳ የሥራ መሣሪያም፣ ባንክም፣ ምግብም በሆነበት ኑሮ የአንድ በሽታ ጉዳት በእንስሳው ዋጋ ብቻ ሊሰላ እንደማይችል ከዚህ የበለጠ ማስረጃ አላውቅም።

የእንስሳት ጤና ኢኮኖሚክስ የበሽታን ወጪ በሁለት ይከፍለዋል፤ በሽታው የሚያደርሰው ጉዳት እና በሽታውን ለመከላከል የምናወጣው ገንዘብ። የሚፈለገው የሁለቱ ድምር ትንሹ ላይ እንዲያርፍ ነው። ስለዚህ ለሁሉም በሽታ እኩል ገንዘብ ማውጣት ብልህነት አይደለም። አፍተ ግርን የሚያስከትለው ቫይረስ ሰባት ዓይነት ሲሆን የአንዱ ክትባት ሌላውን አይከላከልም፤ የመከላከል ኃይሉም በወራት ውስጥ ስለሚደክም ክትባቱ መደጋገም አለበት። ይህ ለደለበ ሰንጋና ለወተት ላም ያዋጣል፤ በሰፊ ቆላ ለሚዘዋወር መንጋ ሁሉ ግን በየስድስት ወሩ ማዳረስ አሁን ባለን አቅም የሚቻል አይመስለኝም። በአንጻሩ ደስታ መሰሉ የበግና የፍየል በሽታ፣ ባለሙያዎች ፒፒአር የሚሉት፣ አንድ ዓይነት ክትባት ይበቃዋል፤ አንዴ የተከተበች ፍየልም ቢያንስ ለሦስት ዓመት ትጠበቃለች። ዓለም ይህን በሽታ እ.ኤ.አ. እስከ 2030 ለማጥፋት ያቀደው ያለ ምክንያት አይደለም። ከመንግሥት ካዝና በነፃ ሊሰጥ የሚገባው ክትባት ቢኖር ይህ ነው እላለሁ።

በነፃ የምልበት ምክንያት ርኅራኄ ብቻ አይደለም። ፍየሉን ያስከተበ ሰው የጎረቤቱንም ፍየል ይጠብቃል፤ ለዚያኛው ጥቅም ግን ማንም አይከፍለውም። ሁሉም በዚህ ስሌት ከሄደ ክትባቱ ከሚያስፈልገው በታች ይገዛል። ሽያጩም ላይ ያው ችግር አለ። መንጋው ውስጥ አንድ ሁለት ያሳለ ያየ ሰው የቀሩት ዋጋ ሳያጡ ቶሎ ገበያ ማውጣቱ ለእርሱ ትክክለኛ ውሳኔ ነው፤ ገበያው ግን በዚያ ቀን ከሺኒሌ፣ ከኤረር፣ ከባቢሌ የመጣውን ሁሉ ያገናኛል። «አትሽጥ» ማለት ቀላል ነው። እንስሳው ሲያዝበት ወይም ሲወገድበት የሚካስበት መንገድ ከሌለ፣ በሽታ መኖሩን ቀድሞ የተናገረው ሰው የሚቀጣ ሆኖ ይቀራል።

ስጋት ራሱ እንዴት እንደሚያስከፍል ደግሞ ወደብ ላይ ታይቷል። እ.ኤ.አ. በመስከረም 2000 ከእንስሳ ወደ ሰው የሚተላለፈው የስምጥ ሸለቆ ትኩሳት በሳዑዲ ዓረቢያና በየመን ተነሣ። ከአፍሪካ ውጭ በሽታው ሲታይ ያ የመጀመሪያው ነበር። ሳዑዲ ዓረቢያ ከአፍሪካ ቀንድ የሚገባውን የቁም እንስሳ ከለከለች፤ ኢትዮጵያና ሶማሊያም ከታገዱት መካከል ነበሩ። በሽታው በመንጋው ውስጥ ያልታየበት አርብቶ አደርም በጎቹን ወደ በርበራ ወደብ የሚወስድለት ነጋዴ አጣ። እ.ኤ.አ. በ2006 ጅቡቲ ዳመርጆግ ላይ የተከፈተው ኳራንታይን ማቆያ ገዢውን የሚያሳምን ምርመራ ስለሚያደርግ በሩን በከፊል መልሶ ከፍቷል። እገዳው የሚጎዳው ደግሞ በየትኛውም ወር እኩል አይደለም። አረፋ በየዓመቱ በአሥራ አንድ ቀን ገደማ ቀደም እያለ ስለሚመጣ አንዳንድ ጊዜ ከብቱ ከጠገበበት፣ አንዳንድ ጊዜ ከበጋው ጫፍ ጋር ይገጥማል። በበጋ ጫፍ የሚዘጋ ወደብ ሳይሸጥ የቀረውን መንጋ በደረቀ መስክ ላይ ያስቀራል።

ወደ ግጦሹ የመጣሁት ለዚህ ነው። በሶማሌ ክልል በሲቲ ዞን ቆላ ፍየልና ግመል የሚያረባ ቤተሰብ ብዙ እንስሳ መያዙን የከተማ ሰው እንደ ኋላ ቀርነት ሲቆጥረው እሰማለሁ፤ በዚህ አልስማማም። ግልገሎቹ በፒፒአር እንደሚያልቁ ከልምዱ የሚያውቅ ሰው፣ ኢንሹራንስም ባንክም በአቅራቢያው ሳይኖር፣ መትረፊያውን በቁጥር መግዛቱ ተገቢ ስሌት ነው። ነገር ግን ለመጠባበቂያ ብቻ የተያዘች ፍየልም ትበላለች፣ ትጠጣለች። የሁሉም መጠባበቂያ አንድ መስክና አንድ ኤላ (የውኃ ጉድጓድ) ላይ ሲገናኝ ሣሩ ዘር ሳያፈራ ይጋጣል፤ መሬቱም ይራቆታል። እዚህ ላይ መጠንቀቅ የሚገባ ነገር አለ። ክትባት ሞትን ቀንሶ ገበያው እንደተዘጋ ከቀረ መንጋው ይበዛል እንጂ መስኩ አያገግምም። ቤተሰቡ ቁጥሩን የሚቀንሰው ግልገሎቹ እንደሚያድጉለት ካመነና የተረፈውን በደህና ዋጋ የሚሸጥበት በር ካገኘ ነው። ስለዚህ የክትባት፣ የገበያና የውኃ ጉድጓድ ዕቅዶች በተለያየ ቢሮ መሳቢያ ውስጥ ተለያይተው መቀመጣቸው ትልቅ ጥፋት ነው። የሐረማያ ሐይቅ መድረቅ፣ ከእንስሳት ይልቅ ከመስኖና ከደለል ጋር የተያያዘ ቢሆንም፣ ሁሉም የራሱን ድርሻ ብቻ ሲያሰላ የጋራ ውኃ ምን እንደሚሆን በዓይናችን አሳይቶናል።

ይቻላል ወይ ለሚለኝ ሰው አፋርን እጠቅሳለሁ። የደስታ በሽታ በኢትዮጵያ የመጨረሻ መሸሸጊያው እዚያ ነበር። በረዶ ማድረስ በማይቻልበት ሙቀት ውስጥ ለሳምንታት ያለ ማቀዝቀዣ የሚቆይ ክትባት ተገኘ፤ ክትባቱንም የሰጡት ከራሱ ከአርብቶ አደሩ መካከል ተመርጠው የሠለጠኑ ሰዎች ነበሩ። መንጋው የት እንደሚውል፣ የት እንደሚያድር ያውቁ ነበርና ተሽከርካሪ ያልደረሰበት ደረሱ። በ1990ዎቹ አጋማሽ እ.ኤ.አ. በሽታው ከዚያ ጠፋ፤ እ.ኤ.አ. በ2011 ደግሞ ከዓለም መጥፋቱ ታወጀ።

ለድሬዳዋ የምመኘው ከዚህ ያነሰ ነገር ነው። በከብት ገበያ ላይ በእያንዳንዱ እንስሳ ከሚሰበሰበው ክፍያ የተወሰነው ተለይቶ ይቀመጥ። ግማሹ እንስሳቱ ለሚመጡባቸው ቀበሌዎች፣ ከወሊድ ወቅት በፊት ለሚሰጥ የፒፒአር ክትባት ይዋል፤ የቀረው ደግሞ በበሽታ ምልክት ከገበያ ለሚመለስ እንስሳ ባለቤት፣ ማቆያ ውስጥ ለሚበላው መኖና ለሚደርስበት የዋጋ ጉድለት መካሻ ይሁን። ሒሳቡም በገበያው በር ላይ በአማርኛ፣ በኦሮምኛና በሶማልኛ ይለጠፍ፤ ክፍያውን የሚከፍሉት ሰዎች ገንዘባቸው የት እንደሄደ ማንበብ አለባቸውና።