ባለሁለት ቱቦ ወይስ ባለሦስት?

ዛሬ ለቤተሰብ ሽርሽር የሚሆነንን የፖንቱን ጀልባ (በቱቦዎች ላይ የሚንሳፈፍ ጠፍጣፋ ወለል ያለው ጀልባ) ለመምረጥ ከባለቤቴና ከልጆቼ ጋር ወጥተን፣ እንደ መንትያ በሚመሳሰሉ ሁለት ጀልባዎች መካከል ስንመላለስ ዋልን። ርዝመታቸው እኩል ነው፤ መቀመጫቸውም ሆነ የጥላ ሸራቸው ያው ነው። ልዩነቱ የሚታየው ጎንበስ ብሎ ከወለሉ በታች ለሚመለከት ሰው ነው፤ አንዱ በሁለት የአሉሚኒየም ቱቦዎች፣ ሌላው በሦስት ይንሳፈፋል።

ሦስተኛው ቱቦ የጀልባውን የመሸከም አቅም ከመጨመሩም በላይ፣ ልጆች አንድ ነገር ለማየት ሁሉም በአንድ ጊዜ ወደ አንድ ጎን ሲሮጡ (የእኔዎቹ ይህን ማድረጋቸው አይቀርም) የሚያዘነብልበትን መጠን ይቀንሳል። በአንጻሩ ባለሁለት ቱቦው ቀላል ስለሆነ አነስተኛ ሞተር ይበቃዋል፤ በመኪና ለመጎተትም አያስቸግርም። የሚፈቀደውን የሰው ቁጥርና ክብደት የምትገልጸውን ትንሽ ሰሌዳ በሁለቱም ላይ ደጋግሜ አነበብኩ፤ ከእቃችን ጋር ስደምረው ባለሁለት ቱቦው በጭንቅ ነው የሚበቃን።

በዚህ መሃል ታናሿ ልጄ የባለሁለት ቱቦውን የፊት በር መቀርቀሪያ በአንድ ጣቷ ከፈተችው፤ ክው አልኩ። የሌላውን በሁለት እጇ ታግላ አልቻለችም። ልቤ ወደ ባለሦስት ቱቦው የሄደው ያኔ ነው። ከመግዛታችን በፊት ግን ሁላችንም የሕይወት ጃኬት ለብሰን ውሃ ላይ እንሞክረዋለን።