ማሞቂያና ማቀዝቀዣን በአቅም መቀየር
ፒያሳ በሚገኘው አሮጌ ቤታችን የነበሩት የኤሌክትሪክ ማሞቂያና ኤርኮንዲሽነር ስላረጁ፣ ሁለቱንም ለመተካት ስናስብ ከሁሉ በላይ ያሳሰበን ዋጋው ነበር። ከባሕር ጠለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ በምትገኘው አዲስ አበባ ማቀዝቀዣ እምብዛም አያስፈልግም፤ የኅዳርና የታኅሣሥ ሌሊት ብርድ ግን አጥንት ይሰረስራል። ተራው ማሞቂያ በ1 ኪሎዋት ኃይል የሚሰጠው ያንኑ 1 ኪሎዋት ሙቀት ሲሆን፣ ማሞቅም ማቀዝቀዝም የሚችለው ኢንቨርተር ኤርኮንዲሽነር ሙቀትን ከውጭ አየር ስለሚስብ በተመሳሳይ ኃይል 3 ኪሎዋት ገደማ ሊሰጥ ይችላል፤ ምርጫችንም እሱ ሆነ። ከግዢው በፊት አናጺ ጠርተን በእንጨት መስኮቶቹ ሥር ጣት የሚያሾልከውን ክፍተት ስላስደፈንን፣ ባለ 18,000 ቢቲዩ (የማሞቅና የማቀዝቀዝ አቅም መለኪያ) መግዛቱ ቀርቶ ባለ 12,000 በቃን። በተዘጋ ክፍል ከሰል ማቀጣጠልን ግን፣ ምንም ርካሽ ቢሆን፣ የሚያወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ስለሚገድል ለማንም አልመክርም።