ባልዲው ውስጥ የበቀለችው ማን ናት?

ዛሬ ቡናው እስኪፈላ ጓሮ ወጥቼ ባልዲው ውስጥ ያለችውን ተክል እንደገና አገላብጬ አየኋት። ዘሯን የገዛሁት «የጋላፓጎስ የዱር ሚጥሚጣ» ተብሎ ነው። ጋላፓጎስ ከሚባሉት የፓስፊክ ውቅያኖስ ደሴቶች ውጪ በዱር የማይገኝ ብርቅ ዝርያ ነው፤ ዋጋውም እንደ ስሙ ነበር።

እኔ ግን ገና ቅጠሏን ሳይ ልቤ አልተቀበላትም። የጋላፓጎሱ ቅጠሉም ግንዱም ስስ ፀጉር ለብሷል። የእኔዋን በማጉያ መነጽር አየኋት፤ ልሙጥ ናት።

እማማ «ሚጥሚጣ ናት፣ ሌላ ምን ትሆናለች?» ይላሉ። ፍሬውን ካየን እውነታቸውን ነው፤ ትንሽና ቀይ ሁሉ ይመሳሰላል። ማቃጠሉማ ጭራሽ ምስክር አይሆንም። ቦሊቪያ ውስጥ ካፕሲከም ቻኮኤንሴ የሚባል የዱር ዝርያ አለ፤ አንዱ ተክል ሲለበልብ አጠገቡ ያለው ምንም አያቃጥልም። ስለዚህ የማምነው አበባውን ነው። ባካተም፣ ፑቤሴንስና ፍሩቴሴንስ የሚባሉ የቃሪያ ዝርያዎች በአበባ ይለያሉ። ነጩ ላይ ቢጫማ አረንጓዴ ነጠብጣብ ካለ ወደ ባካተም ያደላል። አበባው ሐምራዊ፣ ዘሩ ጥቁር ከሆነ ፑቤሴንስን እጠረጥራለሁ። ፍሩቴሴንስ ብትሆን አበባዋ ወደ አረንጓዴ በወሰዳት ነበር። የእኔዋ ጥርት ያለች ነጭ ናት፤ ከአንድ አንጓ አንድ አበባ ብቻ።

ፍሬዋ ደግሞ አተር ታክላለች፤ ሽቅብ ቆማ ትቀላለች፣ ነካ ሲያደርጓት እርግፍ! የዱር ነገሯ የሚታወቀው እዚህ ላይ ነው። የእኛ በርበሬ ሰው መጥቶ እስኪለቅመው ከእንጨቱ አይላቀቅም። የዱሩ የሚጠብቀው ወፍን ነው። ወፍ ማቃጠሉ አይሰማውም፤ ዘሩን ሳያኝክ ውጦ ሌላ ዛፍ ሥር ይጥለዋል።

ሁሉም ቺልቴፒን ወደሚባለው የዱር ቃሪያ ይጠቁማል። ቺልቴፒን እኮ እዚሁ ቴክሳስ፣ በየዛፉና በየአጥሩ ሥር ወፍ የሚዘራው ነው! እ.ኤ.አ. በ1997 የግዛቲቱ አገር በቀል ቃሪያ ተብሎ በይፋ ተሰይሟል። ከሩቅ ደሴት መጣ ብዬ ያን ያህል ዶላር ከፈልኩበት። ሳቄም መጣ፣ ገንዘቡም አንገበገበኝ።

አንድ ጥርጣሬ ቀርቶኛል፤ ድቅል ልትሆን ትችላለች። ከዘሯ የሚወጡት ችግኞች መልካቸው ከተዘበራረቀ ያኔ ይለይላታል። እስከዚያው ንብ ከሌላው ቃሪያዬ የአበባ ዱቄት እንዳታመጣባት ጥቂት እንቡጦቿን በስስ ሻሽ ጠቀለልኩ። እማማ ከበረንዳው ሆነው ያዩኝ ነበር።

«ደግሞ ለሚጥሚጣ ነጠላ ማልበስ ጀመርሽ?»