ወለል የሌለው ቤት

ለእረፍት ድሬ መጥቻለሁ። ትናንት አመሻሽ ላይ ከዚራ ዛፍ ሥር ከአብሮ አደጎቼ ጋር ቁጭ ብለን አንዱ ጠየቀኝ። «አቦ፣ ተከራይተህ ስታበቃ የሰው ቤት ወለል አንተ የምትሠራው ምን ሆነህ ነው?» ሁሉም ሳቁ። እኔ አልሳቅኩም። የቆየ ነገር ነው የቀሰቀሰብኝ።

የምኖረው ሆላንድ ነው። እዚያ ብዙ የኪራይ ቤት ባዶውን ነው የሚሰጥህ። ቁልፍ ተቀብዬ ስገባ የቆምኩት ደረቅ ኮንክሪት ላይ ነበር። መጋረጃ የለ፣ አምፖል የለ። የቀድሞው ተከራይ ወለሉን ነቅሎ ሄዷል። አንተም ስትወጣ፣ ቀጥሎ የሚገባው ሰው ወለሉን ካልገዛህ በቀር፣ ነቅለህ ነው የምታስረክበው።

42 ካሬ ሜትር ላሚኔት፣ ማለትም እንጨት መሰል የወለል ንጣፍ፣ በሦስት ቅዳሜና እሁድ ብቻዬን አነጠፍኩ። መታጠቢያ ቤቱን ቀለም ቀባሁ፤ ስንጥቁን የሚደፍነውን የሻገተ ሲሊኮን ፍቄ አዲስ ሞላሁ። ለእናቴ በቪዲዮ ሳሳያት እልል አለች። እኔም ኮራሁ፤ በእጄ የሠራሁት ነዋ።

ከዚያ በጋ መጣና ቤቱ ጋለ። ድሬ ከቀኑ 9 ሰዓት ላይ እናቴ ምን እንደምታደርግ ታውቃላችሁ። ሁለት ባልዲ ውሃ ሊሾው ላይ ትደፋለች፣ በመጥረጊያ ወደ ደጅ ትገፋዋለች፣ ቤቱ ይተነፍሳል። እኔም መታጠቢያ ቤቱን እንደዚያው በባልዲ አጠብኩት። የውሃ መውረጃው ያለው ሻወሩ ሥር ብቻ ነው። የተረፈው በበሩ ሥር ሾልኮ ላሚኔቱ ውስጥ ገባ።

ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ በሩ ተደወለ። የታች ጎረቤቴ ናቸው፤ አሮጊት። ከጣሪያቸው የተንጠባጠበውን ውሃ በሳህን ይዘውልኝ መጡ። አልጮሁም። ደረጃው ላይ ሰው እየሰማ «በአገራችሁ ቤት ውስጥ ውሃ ይደፋል?» አሉኝ። አዎ፣ ይደፋል! ስለ ድሬ ሙቀት፣ ስለ ሊሾው፣ ስለ እናቴ በምን አፌ ላስረዳቸው? አንገቴን ደፋሁ። ያቺ ደቂቃ እስከ ዛሬ ታንገበግበኛለች።

ላሚኔት ውስጡ የተጨመቀ የእንጨት ብናኝ ነው። ውሃ ከጠጣ ያብጣል፣ ወደ ነበረበት አይመለስም። 9 ጣውላ ነቅዬ ቀየርኩ። አከራዩ «ወለሉ ያንተ ነው» ብሎ ዘጋኝ። የሴትዮዋን ጣሪያ ራሴ ቀባሁላቸው። ስጨርስ ቡና አፈሉልኝ፤ አንዲት ብስኩት ሰጥተውኝ የብስኩቱን ቆርቆሮ ከደኑት። እኛ ጋ ሦስተኛው ስኒ ሳይጠጣ እንግዳ አይለቀቅም። ግን ቡናቸውን ወደድኩት፤ ታርቀናል።

ሆላንድ ልትመጡ ያሰባችሁ፣ ቤት አገኘሁ ብላችሁ ብራችሁን አትጨርሱ፤ ለወለል የሚሆን ገንዘብ ይኑራችሁ። የሚወጣው ሰው ሳይነቅል ድረሱበትና ወለሉን በርካሽ ግዙት። ከላሚኔቱ ሥር የምታነጥፉትን አትናቁ፤ ብዙ አከራይ ወደ ታች ጎረቤት የሚሄደውን ድምፅ ቢያንስ በ10 ዴሲቤል (የድምፅ መለኪያ ነው) የሚቀንስ ይጠይቃል። የመታጠቢያ ቤቱን ሴራሚክ ግን በጽሑፍ ፈቃድ ሳታገኙ እንዳትነኩ። ለጎረቤት ጉዳት የሚከፍል ኢንሹራንስም ግቡ፤ እኔ አልነበረኝም።

ዛሬ 9 ሰዓት ላይ እናቴ ባልዲዋን ደፋች። ጫማዬን አውልቄ እርጥቡ ሊሾ ላይ ቆምኩ። እሷ ግን በቪዲዮ ያየችው ላሚኔት ልቧን ወስዶታል፤ ለሳሎኗ አስገባልኝ እያለች ነው። እምቢ ብያታለሁ። እስካሁን አኩርፋኛለች።