ጃንጂራ፣ የሐበሻ ናዋቦች ግዛት

ከሙምባይ ወደ ጃንጂራ፣ በሕንድ ምዕራብ ጠረፍ ባሕር መሀል ወዳለው ምሽግ፣ ለሚሄድ የሚሻለው የባሕሩ መንገድ ነው። ሙምባይ ካለው ጌትዌይ ኦፍ ኢንዲያ እስከ ማንድዋ በጀልባ አንድ ሰዓት ገደማ ይፈጃል። ትኬቱ ከማንድዋ አሊባግ የሚያደርሰውን አውቶቡስም ይጨምራልና እንዳትጥሉት። ከአሊባግ ሙሩድ ወደ 50 ኪሎ ሜትር ነው፤ ከወንበሩ በቀር የሚያማርር ነገር የለውም።

ከሙሩድ ወደ ራጃፑሪ ወደብ የሚወስደውን ባጃጅ ደርሶ መልስ ተዋዋሉ። እኔ የመሄጃውን ብቻ ተስማምቼ ለመመለሻው እጥፍ ከፈልኩ፤ ሌላ ባጃጅ እንደሌለ ሰውየው አሳምሮ ያውቃል።

ወደ ምሽጉ የሚወስደው ባለሸራ ጀልባ ካልሞላ አይነሳም። የጣና ጀልባ የለመደ ሰው በሩ ላይ ሲደርስ ይደነግጣል፦ እኔ በሄድኩበት ጊዜ ጀልባው ከደረጃው ጋር አልታሰረም፣ ማዕበሉ ያነሳዋል፣ ይጥለዋል። መውረድ ከፍ ሲል ነው፤ ዝቅ ሲል የረገጠ ሰው እግሩ ድንጋዩና ጀልባው መሀል ይገባል። ደረጃው የሚያንሸራትት የድንጋይ ሽበት ስላለው ለስላሳ ጫማ አይሆንም። በክረምቱ ዝናብ ጊዜ ጨርሶ አይኬድም።

ውስጥ የሚሰጧችሁ ጊዜ አንድ ሰዓት አይሞላም። ካላልባንግዲ የተባለውን መድፍ ሁሉም ከቦ ፎቶ ይነሳል፤ እናንተ ኩሬዎቹ ጋ ቆዩ። በጨው ባሕር መሀል ጣፋጭ ውኃ የያዙ ሁለት ኩሬዎች ናቸው፤ ከግንቡ እኩል ምሽጉን ያቆዩት እነሱ ይመስሉኛል። የማራታዎቹ ንጉሥ ሳምባጂ በ1682 (ዓመቶቹ ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው) ባሕሩን በድንጋይ ሞልቶ ሊሻገር ሞክሮ አልተሳካለትም።

የሚያናድደው፣ አስጎብኚው ወሬውን እዚያው ላይ መቁረጡ ነው። ናዋብ (መስፍን) የሚባሉት ገዢዎቹ ሲዲዎች፣ ማለትም ከአፍሪካ የመጡ ሰዎች ዘሮች፣ «ሀብሺ» የሚባሉት፣ እስከ 1948 ነበሩ፤ ግዛቱም ሀብሳን ይባል ነበር። የመጨረሻው ናዋብ ሲዲ ሙሐመድ ካን በ1922 አባቱን ሲተካ ገና የ8 ዓመት ልጅ ነበር። እናቱ ኩልሱም ቤገም እንደራሴ ሆነው ቆዩና ሙሉ ሥልጣን የያዘው በ1933 ነው። እንግሊዞች ለክብሩ 11 ጊዜ መድፍ የሚተኩሱለት ገዢ ነበር። ሕንድ ነፃ ስትወጣ 33 ዓመቱ ነው፤ በዓመቱ ግዛቱ ከሕንዱ የቦምቤይ ክፍለ ሀገር ጋር ተቀላቀለ። ለቀድሞ ገዢዎች ይሰጥ የነበረው ድርጎና ማዕረግ በ1971 ተሰረዘ፤ እሱ በ1972 ሞተ።

የናዋቡን ቤተ መንግሥት ለማየት ምሽጉ ላይ አትድከሙ። አሕመድጋንጅ የተባለው ቤተ መንግሥት ያለው ሙሩድ ነው፣ ባሕሩን ከሚያይ ገደል ላይ። የግል ይዞታ ስለሆነ አያስገቡም፤ ዘበኛውን መለማመጥም ዋጋ የለውም። ከአሊባግ ስትመጡ መንገዱ አጠገቡ ስለሚያልፍ ሹፌሩን ቀድማችሁ ንገሩት፣ አለዚያ ሳታዩት ያልፋል።